«ክሮም የላችሁም እንዴ?»

የመጨረሻው ቀን ነበር። የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ነው፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ፣ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ። ከመካከላችን ለአንዷ ነበር የምንሞላው። እንደ ልማዳችን ሁሉን ነገር ለመጨረሻዋ ሰዓት አቆይተን (ጋዜጠኝነት ስንማር አጥብቀን የያዝነው ትምህርት ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም) ፈረስ መጋላ ጥግ ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ስም ሞላን። የተመረቅንበትን ዓመት ሞላን። «ለምን እርስዎን እንመርጣለን?» ለሚለው በ200 ቃል ራሳችንን አሞገስን። ከዚያ «ላክ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫንን። ዝም። ደግመን ተጫንን። ዝም። መብራት በጠፋበት ቀን የበር ደወል እንደመጫን።

የከፈትነው በኦፔራ ሚኒ ነበር። ክሮምም ስልኩ ላይ አለ፤ ቦታ ይበላል ብለን ከዘጋነው ግን ዓመት አልፎታል። መልሰን ስንቀሰቅሰው «መጀመሪያ አሻሽሉኝ» አለ። ለማሻሻያው የሚበቃ ጥቅል አልነበረንም። እየሮጥን አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባን። ልጁ ስልካችንን ተቀበለና ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ፈገግም አለ። «ክሮም የላችሁም እንዴ?»

አነጋገሩን ብትሰሙት! «ጫማ የላችሁም እንዴ?» ያለን ነው የመሰለው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሰው ነበረባቸው። ወረፋ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ ቅጹ ተዘግቶ አገኘነው።

እናላችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ በንዴት የተጻፈ ነው። ንዴቱ ግን በልጁ ላይ አይደለም፤ እሱ ሁላችንም የምንለውን ነው ያለው። የትም ሂዱ፣ ቡና ላይም ይሁን በርጫ ላይ፣ የብሮውዘር ነገር ከተነሳ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ክሮም ነው ብሮውዘር፣ ሌላው የድሮ ሰው ነው» ይላል። ሌላው ወገን «ምን አገባኝ፣ ስልኩ ጋር የመጣውን እጠቀማለሁ» ይላል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ አይጠይቁም፦ ይሄን ገጽ ስከፍት የምከፍለው በምንድን ነው? በካርዴ? በጊዜዬ? ወይስ በምስጢሬ? የምንጣላው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። (ጎግል በአማርኛው ብሮውዘርን «አሳሽ» ይለዋል። እኛ ግን «አሳሽ ክፈቺልኝ» ያለ ሰው ሐረር ውስጥ አጋጥሞን አያውቅም፤ ስለዚህ ብሮውዘር እንላለን። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እስኪ ከፍጥነት እንጀምር፤ ሁሉም የሚፎክረው በሱ ነውና። ስፒዶሜትር የሚባል የብሮውዘሮች መለኪያ አለ። ሦስተኛው እትሙ በመጋቢት 2024 ሲወጣ ጎግል፣ አፕልና ሞዚላ ተስማምተውበት ነው። «የኔ ፈጣን ነው» የሚሉት ፉክክር አብዛኛው እንዲህ ባለ መለኪያ ነው። ታዲያ የሚለካው ምንድን ነው? ገጹ አንዴ ስልካችሁ ወይም ኮምፒውተራችሁ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ስትነኩት ምን ያህል ቶሎ እንደሚታዘዝ። ገጹ እስኪደርስ የጠበቃችሁትን አይቆጥርም። የበላውን ሜጋባይትም አይቆጥርም። ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር በእግሩ የሄደን ሰው፣ ሸዋ በር ከደረሰ በኋላ ምን ያህል ቶሎ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ለክቶ «ፈጣን ሰው ነው» እንደማለት ነው።

ኔትወርክ የለም ብለን አናለቅስም። ሳፋሪኮም በ2022 ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎት ሲጀምር ከአዲስ አበባ በፊት የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ሐረርም ብዙ አልቆየችም። ለአንድ ጊዜ እንኳ አዲስ አበቤዎችን ቀድመናቸዋል፤ ይሄ ይመዝገብልን! የኛ ችግር ከኔትወርኩ ይልቅ ጥቅሉ ነው። ዛሬ አንድ መካከለኛ ድረ ገጽ በስልክ ሲከፈት ከ2 ሜጋ ባይት በላይ ይመዝናል። 100 ሜጋ ገዛችሁ እንበል። 50 ገጽ ሳትሞሉ አለቀ ማለት ነው፤ ያውም ቪዲዮ ሳትነኩ። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ እስከ 90 በመቶ እቆጥባለሁ ይላል። ግማሹን እንኳ ብናምነው 100 ሜጋው ወደ 90 ገጽ ይጠጋል፤ ሙሉውን ብናምነው 500 ገጽ ይሆናል። ሥራ ፈልጎ ማስታወቂያ ሲያስስ ለሚውል ተመራቂ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኦፔራ ሚኒ ይዞ የሚሄድ ሰው ላይ የምትስቁ ሁሉ፣ ሒሳብ የሚችለው እሱ ነው።

ደግሞ ውለታም አለብን። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ኢንተርኔትን ያየነው በታላላቆቻችን ኖኪያ ነው፤ ቁልፉ ፊደሉ በጠፋበት፣ ስክሪኑ ከክብሪት ቀፎ ብዙ በማይበልጥ። ያን ስልክ ኢንተርኔት ያስገባው ኦፔራ ሚኒ ነው። በ2006 ለዓለም ሁሉ ሲለቀቅ ሐሳቡ ይሄው ነበር፤ ድሃ ስልክም ሙሉ ድረ ገጽ ያንብብ ነው። አማርኛው ግን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር የሚታየን። አንድ የሰፈራችን ልጅ የብሮውዘሩ ድብቅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ፊደሉን በሥዕል መልክ እንዲልክ ሲያደርገው ሳጥኖቹ ድንገት «ሀ» እና «ለ» ሆኑ። ያን ልጅ ለአንድ ሳምንት እንደ ዶክተር ነበር የምናየው። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ በእጁ አልፏል።

ከኛ በፊት የነበሩት ደግሞ የባሰ አይተዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ በ2001 የመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የኛን ፊደል ይዞ አልመጣም። «ኒያላ» የተባለው የፊደል ቅርጽ ተጭኖ የመጣው በ2007 ገበያ ላይ ከዋለው ቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ አማርኛ ለማንበብ መጀመሪያ የጣቢያውን ፊደል አውርዶ መጫን፣ ከዚያ መጸለይ ነበር። ብሮውዘሩ ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ስድስት ነው። ማይክሮሶፍት ተቀናቃኞቹን ሁሉ ካባረረ በኋላ ከ2001 እስከ 2006 አዲስ እትም ሳያወጣ አምስት ዓመት ተኛ። ለምን ይነሳ? ከመቶው 90 የሚበልጠው ሰው በእጁ ነበር። ይሄን አምስት ዓመት ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን የኦፔራ ሚኒን ጉድ እንናገር፤ የምንወደውን ነገር መደበቅ የለብንም። በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ስታደርጉት ስልካችሁ ገጹን ራሱ አያመጣም። የኦፔራን ሰርቨር «ይሄን አምጣልኝ» ብሎ ይልከዋል። ሰርቨሩ ገጹን ያወርዳል፣ ይጨምቃል፣ ጠቅልሎ ይልክላችኋል። የሚቆጥበውም ለዚህ ነው። ግን ተላላኪ የሚያመጣው ጥቅል በተላላኪው እጅ ያልፋል። ገጹን ለመጭመቅ መጀመሪያ መፍታት አለበት፤ የተቆለፈውንም ጭምር። በዚያ ደረጃ ላይ ሆናችሁ የይለፍ ቃል ብትጽፉ በናንተና በጣቢያው መካከል ሦስተኛ ወገን አለ። ኦፔራ ክፉ ነው እያልን አይደለም። ኦፔራ የኖርዌይ ድርጅት ነው፤ ብሮውዘሩን በ2016 የቻይና ባለሀብቶች ስብስብ ገዝቶታል። ማንም ይሁን ማን፣ ደብዳቤዬን ከፍቶ አጥፎ የሚሰጠኝ ሰው እጅ ላይ የባንክ ቁጥሬን አላስቀምጥም።

የ«ላክ» ቁልፏ ዝምታም ከዚሁ የመጣ ነው። ዛሬ ቅጾች በውስጣቸው ትንንሽ ፕሮግራም ይዘው ነው የሚመጡት፤ የሞላችሁትን የሚያይ፣ የሚያርም፣ የሚልክ። በኦፔራ ሚኒ ቁጠባ ያ ፕሮግራም የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይቆማል። ለናንተ የሚደርሳችሁ የገጹ ፎቶ ቢጤ ነው። ፎቶ ላይ ያለ ቁልፍ ደግሞ ምን ይሠራል? ይሄን ከፈረስ መጋላው ቀን በፊት ብናውቅ ኖሮ! ለኛም የሚደርስ ጥፋት አለ፤ እንቀበላለን።

ስለ ዩሲ ብሮውዘር ብዙ አንደክማችሁም። በ2015 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የአንድሮይድ እትሞቹን መርምሮ የተጠቃሚውን የፍለጋ ቃልና ሌላም መረጃ ያለ በቂ ምስጠራ እንደሚልኩ አሳይቷል። በ2020 ሕንድ አግዳዋለች። አውርዶ ፈጣን ነው፣ እውነት ነው። እኛ ግን አጥፍተነዋል።

ወደ ክሮም። እውነቱን እንናገር፤ ጥሩ ብሮውዘር ነው። ቅጹ ይሠራል፣ ካርታው ይሠራል፣ የባንኩ ገጽ ይከፈታል። የእንግሊዝኛውን ገጽ በአንድ ንክኪ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ከ2022 ጀምሮ የጎግል ትርጉም ኦሮምኛንም ያውቃል፤ ለሐረር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ትርጉሙ አንዳንዴ ያስቃል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ይገባል። ሌላ ብዙ ሰው የማይነካት ነገርም አለችው፦ ዋይፋይ ያገኛችሁበት ቦታ ሆናችሁ ገጹን ማውረድ፣ ቤት ገብታችሁ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ። የክሮምን ውለታ የምንቆጥረው በዚህች ነው።

ግን በልባችን የያዝነው ቂም አለ። ክሮምም የራሱ መቆጠቢያ ነበረው፤ በኋላ «ላይት ሞድ» የተባለው። ለኛ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነገር። በመጋቢት 2022 ዘጉት። ምክንያታቸው ምን ነበር መሰላችሁ? በብዙ አገሮች የሞባይል ዳታ ዋጋ ስለቀነሰ ነው አሉ። በብዙ አገሮች! የትኞቹ ናቸው እነዚህ አገሮች? ጁገል ውስጥ የሚሸጥ ካርድ ዋጋው ቀነሰ ብሎ የነገራቸው ማን ነው? መኪና ግርግር ላይ ያሉ ልብስ ሰፊዎቻችን መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ሜትሩን አንገታችሁ ላይ ያዞራሉ። እነዚህ ግን ሳይለኩን ነው የቀደዱት። የሚያሳዝነው ደግሞ ማንም ክሮምን ጥሎ አልሄደም። «ክሮም የላችሁም እንዴ?» እያልን ቀጠልን።

ለምን ጥለን አንሄድም? ተጭኖ የመጣን ነገር መቀየር የሚባል ልማድ የለንማ። ይሄ የኛ ስንፍና ብቻ አይመስላችሁ፤ ዋጋ የተተመነለት ስንፍና ነው። አሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበው ማስረጃ መሠረት ጎግል በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለምን? የአፕል ብሮውዘር የሆነው ሳፋሪ ውስጥ ሰው ሳይመርጥ የሚያገኘው መፈለጊያ ጎግል እንዲሆን። ሰው መቀየር ቢችል እንኳ እንደማይቀይር ስለሚያውቁ ነው ያን ያህል የሚከፍሉት። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2024 ጎግል በመፈለጊያው ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ ነው ብሎ ወሰነ። መንግሥት ክሮም ይሸጥ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ዳኛው በመስከረም 2025 አይሸጥም አሉ።

«ታዲያ አማራጩ ብዙ ነው፣ ኤጅ አለ፣ ብሬቭ አለ፣ ሳምሰንግ አለ» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እዚህ ላይ የኛን ግንብ ታግሳችሁ አስቡ። ጁገል ከጥንት አምስት በር አላት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። እያንዳንዱ በር የራሱ መንገድ፣ የራሱ ሰፈር አለው። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይገባል። የብሮውዘሮቹ በር ግን እንዲህ አይደለም። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ጥሎ የጎግልን ወሰደ። ማይክሮሶፍትም በ2020 ኤጅን በዚያው በክሮሚየም ላይ አቆመው። ብሬቭም ያው፣ የሳምሰንጉም ያው። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ይለያያል እንጂ አናጢው አንድ ነው። ከዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል በራሱ በክሮም ነው የሚገባው። ያን አምስት ዓመት ያዙልን ያልናችሁ ለዚህ ነው። ማይክሮሶፍት ሁሉ በእጁ ሲገባ ተኛ፤ ጎግል ደግሞ የሚያስፈልገንን መቆጠቢያ ዘግቶ ሄደ። ከሳፋሪ ሌላ በራሱ ሞተር የሚሄድ ስሙ የሚጠራ ብሮውዘር ፋየርፎክስ ብቻ ነው የቀረው።

ፋየርፎክስን ስልካችን ላይ ከጫንነው ወራት ሆነን። አሮጌ ስልክ ላይ ሲነሳ ይንቀራፈፋል፤ እንደ ቅዳሜ ጠዋት እኛ። አንዳንድ ጣቢያም ያኮርፈዋል። ግን የስልኩ ክሮም የማይፈቅደውን አንድ ነገር ይፈቅዳል፤ ተጨማሪ መሣሪያ መጫን። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን የማስታወቂያ ማገጃ ጫንበት። ዜና ስናነብ በየአንቀጹ የሚዘለው ማስታወቂያ ሁሉ ጠፋ። ማስታወቂያው ሳይወርድ ስለሚቀር የሚተርፈው የኛው ሜጋ ነው፤ እንደ ኦፔራ ሚኒም ደብዳቤያችንን የሚከፍት ሦስተኛ ሰው የለም። (ሞዚላን ጻድቅ አድርገን እንዳንሸጥላችሁ፤ ገቢው በአብዛኛው ጎግል ከሚከፍለው ገንዘብ ነው የሚመጣው። የጎግል እጅ የሌለበት ቤት ፈልጋችሁ ንገሩን።)

እንግዲህ እኛ የምናደርገው ይሄ ነው። ለንባብ ብቻ፣ ጥቅል ሲመነምን፣ ኦፔራ ሚኒ። ለዕለት ተዕለት ፋየርፎክስ ከማገጃው ጋር። ቅጽና የይለፍ ቃል ያለበት ነገር ሁሉ በፋየርፎክስ ወይም በክሮም፤ በኦፔራ ሚኒ ቁጠባ ፈጽሞ። ክሮምንም መልሰን ከፍተነዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ዋይፋይ ባገኘን ቁጥር እናሻሽለዋለን። «ሦስት ብሮውዘር ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ፣ ቤቱ ስንት ጀበና እንዳለ ይቁጠርና ይመለስ።

ዋናው ጠባችን ግን ከብሮውዘር ሠሪዎቹ ጋር አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ያለ ሰው አይሰማንም። ጠባችን እዚሁ ካሉት፣ ድረ ገጽ ከሚሠሩትና ከሚያሠሩት ጋር ነው። የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ብቻ ነው ያላችሁ ቀን በር ተክላችኋል። በሩ ለአንድ ዓይነት ስልክና ለአንድ ብሮውዘር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ውጭ የቀረውን ሰው የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ። ስምና የትምህርት ደረጃ ተቀብሎ የሚልክ ቅጽ ያለ ምንም ፕሮግራም፣ በጥቂት ኪሎባይት፣ በየትኛውም ብሮውዘር መሥራት ይችላል። ድረ ገጽ ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። የሚከብደው ቅጹ አይደለም። የሚከብደው የሚንሸራተተው ፎቶ፣ የሚበርረው ጽሑፍ፣ ከላይ የሚወርደው የኃላፊው የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት ነው።

ይሄን በአፋችን ልንነግራቸው ሄድን። ቅጹን ያወጣው መሥሪያ ቤት ውስጥ ድረ ገጹን የሚያስተዳድረውን ወንድማችንን አገኘነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን፣ እስከ መጨረሻው ሰማን። ከዚያ «ሁሉም ሰው እኮ ክሮም አለው» አለን። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶም አሳየን፤ ገጹ ብልጭ ብሎ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ነው።

«እስኪ በኛ ስልክ፣ በኛ ካርድ» አልነው። የቀረን 9 ሜጋ ነበር። በፈለገው ክሮም ከፈትንለት። ሦስታችንም ስልኩ ላይ አጎነበስን። መጀመሪያ ነጭ ሆነ። ቆይቶ ያ ትልቁ ፎቶ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ የጁገል በር ፎቶ ነው፣ ከነግርማው። ሰማዩ መጣ። የግንቡ ጫፍ መጣ። ልጁ ሰዓቱን አየ፤ እኛም አየን። በሩ ጋ ሳይደርስ የጥቅሉ ማለቂያ መልእክት ገባ።